ደኑን ማን ቆረጠው?

የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። የምንኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሲሆን ትምህርት ቤቷ ከካዛንችስ ብዙ አይርቅም። ጧት እጇን ይዤ የማደርሳት፣ ማታም የምመልሳት እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ሌላ ምን ሥራ አለው? ጧት ስንሄድ እኔ አወራለሁ፤ ማታ ስንመለስ ተራው የእሷ ነው። አምና ታዲያ፣ ሁለተኛው ተርም በተጀመረ በሳምንቱ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ገና ሳንርቅ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አባባ፣ አረንጓዴ ወረቀት ትገዛልኛለህ?» አለችኝ።

«ስንት?»

«ደን የሚሆን።»

ነገሩ የገባኝ እያደር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚከተለው የውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት በመሆኑ እያንዳንዱ ተርም አንድ ዋና ርእስ አለው። የዚያ ተርም ርእስ የዝናብ ደን ነበር። ሳይንሱም፣ ሥዕሉም፣ ጂኦግራፊውም፣ ንባቡም፣ ሂሳቡ ሳይቀር በደን ዙሪያ ይዞራል። ልጆቹ ሦስት ወር ሙሉ በደን ውስጥ ይከርማሉ ማለት ነው።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የማታው መንገዳችን የአማዞን መንገድ ሆነ። «አባባ፣ ደኑ እኮ አራት ፎቅ ነው!» ትለኛለች። ምድር ቤቱ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ አይደርሰውም፤ ጉንዳንና እንጉዳይ ይኖሩበታል። ከእሱ በላይ ያለው ፎቅ ብርሃን የናፈቃቸው አጫጭርና ቅጠለ ሰፋፊ ዛፎች መኖሪያ ነው። ሦስተኛው የደኑ ጣራ ነው፤ አብዛኛው ፍጥረት ያለው እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ጥቂት ረጃጅም ዛፎች አንገታቸውን ብቅ አድርገው ንስሮችን ያስተናግዳሉ። «ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሊፍትም የለው!» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። ስሎዝ የሚባል ቀርፋፋ እንስሳ ከዛፉ የሚወርደው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ብቻ፣ እሱም ለመጸዳዳት መሆኑን ያወቀች ዕለት ደግሞ ሳቋ እስከ መኝታዋ አልተቋረጠም።

ቁም ነገሩንም አልዘለሉትም። እነዚህ ደኖች ከየብሱ ገጽ ከመቶ 10 እጅ የማይሞላ ቦታ ይዘው በየብስ ከሚኖሩት ፍጥረታት ዝርያ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እንደሚያኖሩ ተምራለች። አማዞን ከሁሉ ትልቁ፣ የእኛው አህጉር የኮንጎ ተፋሰስ ደን ደግሞ ሁለተኛው መሆኑን ታውቃለች። ዛፉ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ወደ ሰማይ መልሶ ዳግም እንደሚያዘንበው በሥዕል አሳይታኛለች።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ አሹፌ ነበር። የቂርቆስ ልጅ ስለ አማዞን! አንድ ቀን ጧት፣ በመንገዳችን ላይ ያሉትን ዛፎች ስም አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ከባሕር ዛፍ በስተቀር የምታውቀው አልነበረም። ጽዱን «የገና ዛፍ» አለችው። ጃካራንዳውን «ወይን ጠጁ» ብላ አለፈችው። ስለ ቱካን ምንቃር ግን ፈተና ላይ ብትቀመጥ መቶ ከመቶ ታገኛለች። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት ይህ አይደለም እንዴ? ብዬ ለእናቷ አማረርኩ። ልጄ ግን ብዙም አልሰማችኝም። «አባዬ፣ አንተም እኮ ልጆችን የአውሮፓን ወንዞች ስታስሸመድድ ነው የኖርከው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ነገሩን ግን በቀላሉ ልተወው አልቻልኩም። ልጅ አይቶት ለማያውቀው፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ለማያየው ነገር እንዲያዝን ማስተማር ተገቢ ነውን? በአንድ በኩል፣ የሩቅ ሐዘን ርካሽ ነው ማለት ይቻላል። ስለ አማዞን ያለቀሰ ሰው ለቅሶው ምንም አያስከፍለውም፤ ከደጁ ያለውን ችግኝ ሲረግጥም አይታወቀውም። በሌላ በኩል ግን፣ ያላየውን መውደድ ያልተማረ ሰው ዓለሙ ከአጥሩ አያልፍም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ወሎን በካርታ ላይ እንኳ ማግኘት የማይችሉ ሰዎች ከየአገሩ እጃቸውን ዘርግተውልናል። «አይተነው ለማናውቀው አናዝንም» ቢሉ ኖሮ የሞታችን ቁጥር ከሆነውም በላይ በሆነ ነበር። ይህን ሳስብ ሹፈቴን ዋጥኩ። የሩቁ ሐዘን ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ከሩቅ ተነሥቶ ወደ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ወደ ቤት ላምጣው አልኩ። አንድ ቅዳሜ እናቷ ቡና አፍልታ ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ እንደተደረደሩ የልጅ ልጄ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ የእኛ አገር የዝናብ ደን አለው?»

«አለው እንጂ። አሁን እየጠጣነው ነው።»

ስኒዬን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ነገርኳት። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በከፋ፣ በሸካ፣ በያዩ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የማይለያቸው ደኖች አሉ። ከፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። በባሌም የሐረና ደን አለ፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። ዓለም ሁሉ የሚጠጣው አረቢካ ቡና የዱር ዘመዶቹ ዛሬም በእነዚህ ደኖች ውስጥ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር በቅለው ይገኛሉ።

«እንግዲያው ቡና የሁለተኛ ፎቅ ተከራይ ነው!» አለች።

ሰኞ ዕለት ይህንኑ ለአስተማሪዋ ነግራ፣ ቀይ ፍሬ ያንዠረገገ የቡና ቅርንጫፍ በወረቀት ቀድዳ ከክፍሉ ደን ውስጥ ሰቀለች። በአማዞን ደን የከፋ ቡና በቀለ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ሐሰት አልነበረም፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ቡና የምታመርተው ያችው የአማዞን አገር ብራዚል ናት።

በተርሙ አጋማሽ ግን ነገር መጣ። አስተማሪዋ ክፍሉን ሸንጎ አደረገችው። ዳኞች ተመረጡ፤ ለሌሎቹ ዕጣ ወጣ። አንዱ የደኑ ነባር ነዋሪ፣ አንዷ ሳይንቲስት፣ አንዱ የእንጨት ኩባንያ ባለቤት፣ አንዱ ሚኒስትር፣ አንዷ ጃጓር ሆኑ። የልጅ ልጄ ጃጓር ለመሆን ጸልያ ነበር። የደረሳት ግን ደኑን መንጥሮ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ያን ዕለት ማታ ስቀበላት ዓይኗ ቀልቷል።

«ሁሉም ‹ደኑን የጨረስሽው አንቺ ነሽ› አሉኝ። ጃጓሯም ጮኸችብኝ።»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«ዓርብ ንግግር ማቅረብ አለብኝ። አባባ፣ ገበሬው መጥፎ ሰው ነው አይደል?»

ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ጠመኔ የያዘ ሰው ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መልስ አጣ። ዝም ያልኩት ደግሞ ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ይህንኑ ገበሬ እኔ ራሴ ለዓመታት ስከሰው ኖሬአለሁ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦ «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት ከመቶ 40 እጅ በደን የተሸፈነ ነበር። ዛሬ ከ3 እጅ በታች ነው።» ከሥሩም «ምክንያቱ» ብዬ የገበሬውን ምሳር አስከትል ነበር። ተማሪዎቼ ገለበጡት፤ ተፈተኑበት፤ አለፉበት። ቁጥሩን ከየት አገኘሁት? ከመጽሐፍ። መጽሐፉስ? ከሌላ መጽሐፍ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ ቁጥር ሥሩን ፈልጎ የጻፈውን ያነበብኩት። የድሮ ተጓዦችን ማስታወሻና የጥንት ሥዕሎችን ከኋለኛው ገጽታ ጋር አስተያይቶ ያገኘው ሌላ ነው። ያ 40 በመቶ የሚባለው ነገር ተለክቶ የተገኘ አልነበረም። የደጋው አገር በብዙ ሥፍራ ከዚያ አስቀድሞም የታረሰ ሜዳ ነበር፤ ዛፍ የቀነሰበት እንዳለ ሁሉ የጨመረበትም አለ። በ2008 ዓ.ም. አገራችን ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው ሰነድ ደግሞ፣ «ደን» የሚለው ቃል ትርጓሜ በአዲስ መልክ ተወስኖ፣ የደን ሽፋናችንን 15.5 በመቶ አደረገው። ስንት ደን አለን የሚለው ጥያቄ ራሱ፣ ደን የምንለው የቱን ነው ከሚለው ተነጥሎ አይመለስም።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ። ደን አልተቆረጠም ማለቴ አይደለም፤ ተቆርጧል። በደቡብ ምዕራቡ በኩል በዓይን የታየ ነው። ለእርሻ፣ ለሰፈራ፣ ለሻይና ለቡና ተክል ሲባል ብዙ ደን ሄዷል። የምለው ሌላ ነው። ለበጎ ዓላማ የተነገረ ልክ የሌለው ቁጥር አንድ ሥራ ይሠራል፤ ተከሳሹን ሳይጠራ ይፈርድበታል። «በአንድ መቶ ዓመት ያን ሁሉ ደን የጨረሰው የገበሬው ምሳር ነው» ስንል ከተሜው፣ ነጋዴው፣ ሹሙ፣ መምህሩም ጭምር ከጥያቄው እንወጣለን። ልጅን ስለ ደን ስናስተምር ተረት ያምረናል፤ ተረት ደግሞ ጅብ ይፈልጋል። ገበሬው ጅብ ሆነ።

ያን ማታ ለልጅቱ ሁለት ታሪክ ነገርኳት። አንደኛው ከዚያው ከአማዞን ነው። ቺኮ ሜንዴዝ የሚባል ሰው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የጎማ ዛፍ እየቀረፈ ወተቱን በመሸጥ የሚኖር የደን ሰው ነው። ከብት አርቢ ባለሀብቶች ደኑን ሲመነጥሩ ጓደኞቹን አስተባብሮ ፊታቸው ቆመ። በታኅሣሥ 1981 ዓ.ም. በገዛ ቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ደኑን የጠበቀው በደኑ የሚኖር ድኻ ሰው ነበር። ሁለተኛው ከአገራችን ነው። በከፋ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበትና ቡና የሚለቅምበት የታወቀ የደን ድርሻ ይኖረዋል። ማር የሚሰጠውን ዛፍ ማንም ሰው በዋዛ አይቆርጠውም። እንግዲህ ሰው ሁሉ የደን ጠላት አይደለም። በደኑ ላይ ጥቅምም ድምፅም ያለው ሰው ደኑን ያቆየዋል፤ ሁለቱንም የተነፈገ ሰው ግን ዛሬ ለልጆቹ የሚያበላውን ያያል።

«ታዲያ በአዲስ አበባ ደን የሚቆርጥ አለ?» አለች።

የእናቴ ማእድ ቤት ትዝ አለኝ። የተወለድኩት ካዛንችስ ነው፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ስሙን በወሰደው ሰፈር። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ያንን ቅጠል ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ሴቶች ነበሩ፤ ከሸክማቸው ሥር እግራቸው ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያም በፊት፣ አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን እንጨት አንድዳ ጨርሳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከተማችን የተሠራችው በተቆረጠ ደን ላይ፣ የኖረችውም በተተከለ ደን ነው። ይህን ሁሉ አጫወትኳት። ነገር ግን እየተናገርኩ ሳለሁ ዋናውን ነገር እየዘለልኩ መሆኑ ይሰማኝ ነበር።

ዋናው ነገር የወይራው ነው።

በካዛንችሱ ግቢያችን አንድ ወይራ ነበር። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዛፍ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ለእናቴ የተረፈችው አንዲቱ ቤት ከነግቢዋ ወይራውን ይዛ ቀረች። እናቴ የእርጎ ቅሏንና እንስራዋን የምታጥነው በእሱ ነበር። የሰፈሩ ሰው በጠዋት መጥቶ መፋቂያ ይቆርጥ ነበር። ማኅበር ስትደግስ ዳስ አያስፈልጋትም፤ ሰዉ በጥላው ሥር ይቀመጥ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ቆረጥኩት። ልጄ ትምህርት የምትጀምርበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በወይራው ቦታ ሁለት የኪራይ ክፍል ሠራሁ። እናቴን አላስፈቀድኳትም፤ ነገርኳት እንጂ። ዛፉ የወደቀ ዕለት አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ጆንያ አምጥታ ፍቅፋቂውን አንድ በአንድ ስትለቅም አመሸች። «ምን ያደርግልሻል እማዬ?» ስላት፣ «ለማጠኛ ይሆነኛል» ብላ ዝም አለች። እስክታርፍ ድረስ ቅሏን ያጠነችው ከዚያ ጆንያ እየቆነጠረች ነው።

ልጄ በዚያ ኪራይ ተማረች። ተመርቃ ሥራ ያዘች። የልጅ ልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትከፍለው እሷ ናት። እንግዲህ ሂሳቡን ተመልከቱ፤ ይህች ልጅ ስለ ደን ክብር የምትማርበት ክፍል ከእናቴ ወይራ የተሠራ ነው።

ልንገራት ወይስ ልተወው? የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። አያትን ማክበር ለልጅ ስንቅ ነው፤ ስንቋን ለምን ላበላሽባት? ደግሞስ ብዙ አባቶች እንዲህ ነው ያደረጉት፤ ምን የተለየ ኃጢአት ሠራሁ? ነገር ግን ስለ አማዞኑ ገበሬ እውነቱን ስነግራት ስለ ራሴ ከዋሸሁ፣ ለገበሬው የቆምኩት ለእሱ ሳይሆን ለእኔ መደበቂያ ነው። በማግስቱ ነገርኳት።

አልጮኸችብኝም። እንደ ዳኛ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እማዬ በእሱ ነው የተማረችው?»

«አዎ።»

«ሌላስ ተከልክ?»

«ቦታ አልነበረም…» ካልኩ በኋላ አፈርኩ። ከቧንቧው አጠገብ ቦታ ነበር። በየክረምቱ «በሚመጣው ክረምት» እያልኩ አሳልፌዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. ነባሩ ካዛንችስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤቱም፣ ክፍሎቹም፣ ቧንቧውም፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ቦታም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነው ከልጄ ጋር የምኖረው። በጣቷ ቆጥራ፣ «ሠላሳ ክረምት ነበረህ» አለችኝ። የደኑ ተርም ሂሳብ ነው።

ስለ ሰፈራችን መፍረስም አንድ ነገር ብላኝ ነበር። አስተማሪዋ ደኑ ሲጠፋ በውስጡ የኖሩት ሰዎች እንደሚበታተኑ ስታስረዳ፣ ከክፍሉ ሁለት ወንበር ባዶ ነበር፤ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። «እንደ ካዛንችስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልዩነቱን ላስረዳት ሞከርኩ። ከተማ ፈርሶ ይሠራል፤ አዲስ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ የጥንት ደን ግን በሰው ዕድሜ አይተካም። ሆኖም ጥያቄዋ ከንቱ አልነበረም። ደንም ሰፈርም እርስ በርሱ በመተዋወቅ የሚኖር ነገር ነው። ዛፉንም ግድግዳውንም ስንቆጥር በመካከላቸው የነበረውን መተዋወቅ ማን ይቆጥረዋል?

ዓርብ ደረሰ። ንግግሯን ራሷ ጻፈችው፤ እኔ ፊደሉን ብቻ አረምኩላት። ስድስት ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «እኔ ገበሬ ነኝ። ደኑን ቆርጫለሁ። ልጆቼ በልተዋል፤ ተምረዋልም። የቆረጥኩትን አውቃለሁ። እናንተም ከደኑ የወሰዳችሁትን ንገሩኝ። ከዚያ የምንተክለውን አብረን እንቁጠር።»

ማታ እንደነገረችኝ፣ የኩባንያው ባለቤት «እኔ ምንም አልወሰድኩም!» ብሎ ተነሣ። ሌሎቹም ተንጫጩ። በዚህ ጊዜ አስተማሪዋ አንድ ብልህ ነገር አደረገች። ፍርዱን አቆየችና እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ውስጥ ከዛፍ የተገኘውን ሁሉ ጽፎ እንዲመጣ አዘዘች። ሰኞ ዕለት ዝርዝሩ መጣ። ሙቀጫ፣ ረከቦት፣ አልጋ፣ ከሰል፣ ማር፣ እጣን፣ ቡና፣ እርሳስ፣ ስለ ደን የሚማሩበት መጽሐፍ ራሱ። ጃጓሯ ሳትቀር ጻፈች። ከዚያ በኋላ ገበሬው ላይ መጮህ ለሁሉም ከበዳቸው፤ ፍርዱም ሳይሰጥ ቀረ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። ስለ ጥፋት ልጅን ማስተማሪያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ኃጢአት፣ ሌላው እንደ ዕዳ። እንደ ኃጢአት ስናስተምረው ልጁ ኃጢአተኛውን ይፈልጋል። ሌላውን ሰው ካገኘ ይጮህበታል፤ ራሱን ካገኘ ደግሞ ያለቅሳል፤ ጩኸቱም ለቅሶውም አንድ ችግኝ አያበቅልም። እንደ ዕዳ ስናስተምረው ግን ጥያቄው ይለወጣል። ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ፣ ማን በላበት፣ ስንት ተመለሰ? ዕዳ ያለበት ሰው መጥፎ ሰው አይደለም፤ መጥፎው ዕዳውን የካደ ነው። የአማዞኑ ገበሬ፣ ከእሱ እርሻ የበቀለውን የሚበላው ከተሜ፣ በዚያ እንጨት ጠረጴዛ ያሠራው ባለሀብት፣ የካዛንችሱ መምህር፣ ሁላችንም በአንድ መዝገብ ላይ አለን። ድርሻችን ግን እኩል አይደለም፤ ብዙ የወሰደ ብዙ ይከፍላል። «ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» ማለት ደግሞ የታላቁን ተበዳሪ ዕዳ ለትንሹ ማሸከም ይሆናልና እሱም ማምለጫ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የሚመልሰው እንዳለ ሁሉ የማይመልሰውም አለ። ዕዳው ለማን ነው የሚከፈለው? እናቴ አርፋለች። ግቢው የለም። አንድ የጠፋ የፍጥረት ዝርያ ደግሞ በምንም አይተካም። የማይከፈል ዕዳ እንዳለ ልጅን ማስተማር ይገባል ወይ? ይገባል ባይ ነኝ። የማይመለስ ነገር መኖሩን ያላወቀ ሰው፣ እንደ እኔ፣ «በሚመጣው ክረምት» እያለ ይኖራል።

ተርሙ ሲያልቅ የወረቀቱ ደን ወረደ። የልጅ ልጄ የቡናውን ቅርንጫፍ ይዛ መጥታ ከአልጋዋ በላይ ለጠፈችው። ጧት ጧት አሁን የዛፎቹን ስም እሷ ትነግረኛለች። ጽዱ ጽድ ሆኗል፤ ጃካራንዳውም ስሙን አግኝቷል።

በሰሜኑ አገራችን የጥንቱ ደን ቅሪት የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ይህን አስቤ አምና ክረምት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አስፈቅደን ሁለት የወይራ ችግኝ ተከልን። አንዱ በበጋው ደረቀ። ሁለተኛው ቆሟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀሪካን ውኃ እንወስድለታለን። ሠላሳ ክረምት እኔ የለኝም፤ እሷ ግን አላት። ቤታችን ሲፈርስ ከጓዳው ጥግ ያገኘሁት የእናቴ ጆንያ ላይ አንድ እፍኝ ያህል ፍቅፋቂ ቀርቶ ነበር። ለልጅቱ አሸተትኳት። «ሽታው አልጠፋም» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ የአንተስ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ደኑን ማን ቆረጠው?» ቢልህ ምን ትለዋለህ? ከመመለስህ በፊት የተቀመጥክበትን ወንበር ተመልከት። ከዚያም ግቢ ካለህ፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለውን ቦታ ዛሬውኑ እየው።